ከተራራው ጫፍ ሥር ስለ ተመለሰችው ልጅህ

ለተወደድኸው ታናሽ ወንድሜ ለሳቭቫ ቲሞፌዬቪች፤

ጾሙን ያስጀመረን አምላክ ለትንሣኤው በሰላም ያድርሰን እያልሁ፣ ከምድር ዳር ከካምቻትካ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? በስግደት ጊዜ ያስቸግርህ የነበረው ሕመም ተወህ ወይ? የሚስትህ የአንፊሳስ ሳል? በቮሎግዳ ክረምቱ ጨክኖ እንደ ነበር ሰምቼ ስለ ማገዶአችሁ ሳስብ ሰነበትሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ዓይኔ ቢደክምም ከንባብ አልከለከለኝም፤ ድምፄም ለዲቁናው ገና ይበቃል። ጾሙ እንዴት ነው ብትለኝ፣ ዓሣ ከወንዙ ዘሎ እጅ ላይ በሚወድቅበት አገር ዓሣ መተው ምን ያህል እንደሚከብድ አንተው ፍረድ።

በልደት በዓል በጻፍህልኝ ጊዜ፣ «ታላቄ ነህና ሄደህ በዓይንህ እይ፤ የልጄ ሥራ ከሞት ጋር መቃለድ ከሆነ እጇን ይዘህ መልስልኝ» ብለህ አደራ ጥለህብኝ ነበር። ያለችህ አንዲት ዓይን ኡስቲንያ ናትና ፍርሃትህን አልነቅፍም። እንግዶችን እየመራች በበረዷማው እሳተ ገሞራ ላይ በእግር በሚታሰር መንሸራተቻ የምታወጣና የምታወርድ ሴት ምን እንደምትሠራ በሩቅ ሆኜ ከምፈርድ ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት ከተራራው ሥር ወዳለችው የእንጨት ጎጆ ሄድሁ። እንግዶቹ አራት የሞስኮ ሰዎች ነበሩ፤ የሚናገርላቸው ግሌብ የሚባል ሕንፃ ሠሪ ነው። በበረዶ ላይ የሚሄደውን ሞተር የሚነዳው ደግሞ የርሞላይ፣ ጢሙ ውርጭ የማይለየው፣ አፉ ቀልድ የማያጣ ሽማግሌ ነው።

ማለዳ ከመውጣታቸው በፊት ኡስቲንያ ሁሉንም በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠች፤ አባቶቻችን ለመንገድ ሲነሡ እንደሚያደርጉት ጥቂት ዝም ለማለት ነው። ግሌብ ግን እንደ ቆመ፣ «እኔ የአሮጊት ነገር አልወድም፤ ፀሐይዋ ሳትገፋ እንሂድ» አላት። «ግድ የለም፣ ያንተን ድርሻ እኔ እቀመጥልሃለሁ» ብላ ዝም አለች። እኔ በቀኟ ባለው ባዶ ጫፍ ልቀመጥ ስል፣ በለሆሳስ፣ «አጎቴ፣ እርስዎ በዚህ በግራ ይሁኑልኝ» አለችኝ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

እነርሱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተቱ ከመንሸራተቻቸው ሥር ጸጉራም ጨርቅ ለጥፈው በእርሷ ዱካ ሲወጡ፣ የርሞላይ እኔን በሞተሩ እስከ ተራራው ትከሻ አደረሰኝ። ከዚያ በላይ የቀረው አንድ ሰፊ ገደላማ ቁልቁለት ነበር፤ ከእርሱም በላይ የሚጨሰው የተራራው አፍ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል። ግሌብ፣ «በቃ፣ ደረስን!» ብሎ ሲፈነጥዝ፣ ኡስቲንያ አካፋዋን አውጥታ በረዶውን እስከ ወገቧ ቆፈረች፤ ከጉድጓዱ ግድግዳም አንድ ምሰሶ ለይታ ቀረጸች። አካፋውን በምሰሶው ራስ ላይ አስተኝታ፣ «ና፣ አንተው በጣትህ ምታው» አለችው። ገና ቀስ ብሎ ቢነካው፣ የላይኛው በረዶ ከታችኛው ተላቅቆ እንደ ድስት ክዳን ተንሸራተተ፤ ቁልቁለቱ ሁሉ እንዲሁ ሊናድ እንደሚችል ምልክቱ ይህ ነው። እርሷም፣ «ዛሬ ወደ ላይ አንሄድም» አለች።

ሰውየው ተቆጣ። «ስሚ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ተራራው ግን ትልቅ ነው!» ሲላት፣ «እኔስ ምን አልሁህ? እሱን እኮ ነው የምልህ» ብላ አካፋዋን አጠፈች። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባ ዲያቆን፣ በጸሎትዎ ያስፈሯት እርስዎ ነዎት?» አለ። ለመልሱ የርሞላይ ቀደመኝ፤ «ጌታው፣ የሞተሬ ወንበር አዲስ ነው፤ ሬሳ አልጭንበትም» አለው። ሌሎቹ ሳቁ፤ እርሱ ግን እያጉረመረመ ወረደ። ኡስቲንያም አንድ በአንድ እየጠራች፣ አንዱ ደርሶ እስኪቆም ሌላውን እየከለከለች፣ በለዘበው የተራራው ጀርባ በኩል ሁሉንም አወረደቻቸው።

ወንድሜ፣ ከዚያ በኋላ የበረዶ ናዳ ወርዶ ልጅህን እውነተኛ ያደረጋት እንዳይመስልህ። ከታች ሆነን የባቄላ ሾርባ ስንበላ፣ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች በዚያው ገደላማ ቁልቁለት ላይ እየጮኹ በደስታ ወረዱ፤ አንዳች አልነካቸውም። ግሌብ ማንኪያውን ወርውሮ፣ «አየሽ? አየሽ? እየዘፈኑ ወረዱልሽ!» አላት። እርሷም አማትባ፣ «እሰይ፣ በደኅና ገቡ» አለችና ሾርባ ጨመረችለት። ፊቷን ትኩር ብዬ አየሁት፤ ኀፍረትም ቅንዓትም አላገኘሁበትም። ጾመኛ ከምን እንደ ዳነ በዓይኑ አያይም፤ ምስክር ሳይቆምለትም ይጾማል። በዕድሜዬ ሁሉ ይህን ስሰብክ ኖሬ፣ በዚያ በረዶ ላይ በልጅህ ፊት ተጽፎ አነበብሁት።

ወደ ጎጆዋ ስንመለስ በአግዳሚው ላይ ስላለው ባዶ ስፍራ ጠየቅኋት። «ከቤት የወጣሁ ለታ አባዬ አብሮኝ አልተቀመጠም፤ ወደ ማገዶ ቤቱ ገባ። እስኪመጣ ቦታውን እየያዝሁለት ነው» አለችኝ። «እንደ ግሌብ ድርሻ አንቺው አትቀመጪለትም?» ብላት፣ «የአባት ድርሻማ ሰው አይቀመጥለትም» ብላ የመንሸራተቻዋን ጨርቅ ከምድጃው በላይ ማስጣቱን ቀጠለች።

በማግሥቱ ግሌብ ዘግይቶ ከክፍሉ ሲወጣ አግዳሚው ከኡስቲንያ በስተቀኝ ካለው ጫፍ በቀር ሞልቶ ነበር። በቀኟ ሊቀመጥ ሲል የርሞላይ እጅጌውን ይዞ፣ «ያ የተያዘ ነው፣ ጌታው» አለው። «ታዲያ ወለል ላይ ልቀመጥ?» «ወለልማ ለትዕቢት መድኃኒት ነው።» ሰውየው ሳቅ እያመለጠው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሁላችንም ዝም አልን።

እንግዲህ ፍርዴን ስማ፤ እጇን ይዤ አልመልስልህም። ሞት እንደሆነ በቮሎግዳም አለ፤ እንቢ ማለትን የምታውቅ ልጅ ግን በየደጁ አትገኝም።

ለአንፊሳ ሳሏን በማር እንድታስታግሥ ንገርልኝ። ለአማትህ ለፌክላ ሰላምታዬን ከፍ ባለ ድምፅ አድርስልኝ፣ ጆሮዋ ከከበደ ቆይቷልና። የጎረቤትህን የፕሮኮፒን ቤተ ሰብ በየስማቸው ጠይቅልኝ። ኡስቲንያ ይህን መጻፌን አታውቅም። አንተ ግን ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ወደ ማገዶ ቤቱ አትሂድ፤ ከቤትህ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ በቀኝ ጫፍ ጥቂት ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ከዚያም «ተቀምጬ ነበር» ብለህ ጻፍላት።

ታላቅ ወንድምህ ዲያቆን አርኪፕ
ፔትሮፓቭሎቭስክ፣ ካምቻትካ
በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ