ዩሪያ የገባበት ውሃ

መሐል ሜዳ
ነሐሴ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተማሪዬ፣ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የራቤል ብርድ እንዴት ይዞሻል? አክስትሽ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስስ ደኅና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከሚጠዘጥዘኝ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልሽ እናትሽ ናቸው። የእጅ ጽሕፈቴን ስታውቂው ሳታነቢ እንዳትጥዪው አደራ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ስለ ሙቀት ስሌት የሰጠኋችሁን ፈተና አልረሳሽውም። ስድሳ ግራም ዩሪያ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የውሃው ሙቀት በስድስት ዲግሪ ይለወጣል፤ የተለቀቀውን ወይም የተመጠጠውን ሙቀት አስሉ ነበር ያልኩት። አንቺ የድብልቁን ክብደት በአራት ነጥብ ሁለት፣ ከዚያ በስድስት አባዝተሽ ዐሥራ አራት ሺህ አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ጁል አገኘሽ። ፊቱ ላይ የመደመር ምልክት አደረግሽ፤ ሙቀት ተመጧል ማለትሽ ነው። የእኔ መልስ የመቀነስ ምልክት ነበረው። ካስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ገብቶ ብርጭቆውን ሲያግል ለዓመታት ሳሳይ ኖሬ፣ የሚሟሟ ነገር ሁሉ ሙቀት የሚለቅ መስሎኝ ነበር። ዐሥሩንም ነጥብ ነሳሁሽ።

ወረቀት በመለስኩ ቀን እጅሽን አወጣሽ። "መምህር፣ አምና የዩሪያ ማዳበሪያ የውሃ ባልዲ ውስጥ ተደፍቶብን ላወጣው እጄን ብከት፣ ውሃው አጥንቴ ድረስ ቆረጠመኝ። ሙቀት ከለቀቀ ለምን ቀዘቀዘ?" አልሽኝ። ጥያቄሽ ወዲያው ገብቶኛል። እኔ ግን "የአባትሽን ባልዲ እዚያው ገብስ ማሳችሁ ውስጥ ተይው፤ እዚህ የምንማረው ኬሚስትሪ ነው" አልኩሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንቺ አላለቀስሽም። ቁጭ ብለሽ ደብተርሽን ዘጋሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጅሽን አውጥተሽ አታውቂም።

ሰኔ 24 ቀን ውጤታችሁ ሮስተር ላይ ሲሠፍር፣ በኬሚስትሪ አራት ነጥብ አጥሮሽ ወደቅሽ ተባለ። አባትሽ "ካላለፍሽ ወደ ከተማ አትመለሺም" እንዳሉሽ የነገረችኝ ጓደኛሽ ኮከቤ ናት፤ እሱንም ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደ አክስትሽ ከሄድሽ በኋላ።

እውነቱን ለማየት አልሰነፍኩም። ከግብርና ባለሙያው ከበዕውቀቱ አንድ ጣሳ ዩሪያ ለምኜ፣ ቤተ ሙከራ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሠራሁት። ቴርሞሜትሩ ከዐሥራ ስድስት ወደ ዐሥር ወረደ። አላምን ብዬ ጣቴን ከተትኩበት። አንቺ እንዳልሽው ነው። ውሃውን ደፍቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ለርዕሰ መምህሩ የመልስ ቁልፌ ስሕተት እንደነበረ ነገርኳቸው። ተቆጡኝ፤ ግን ውጤትሽን አስተካከሉ። ወደ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አልፈሻል።

ቅዳሜ ዕለት ጓሳ አፋፍ ላይ ወዳለው ቤታችሁ በእግሬ ወጣሁ። አባትሽን አቶ ኃይለ ኢየሱስን "ልጅዎ አልወደቀችም፤ የጣልኳት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ዱላ ያነሡብኛል ብዬ ነበር። "ለእኔም 'ልክ ነኝ' እያለች ትነግረኝ ነበር። 'መምህር ይሳሳታል ወይ?' ብዬ አፏን አስያዝኳት" አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እናትሽ ወይዘሮ አረጋሽ ግን አልራሩልኝም። "ይህን ለመናገር ክረምቱ እስኪወጣ ምን አስጠበቀዎ?" አሉኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር አልኩ፣ ጉልበቴን አሞኝ ነበር አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ ለራሴም አልጣመኝም። እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም፤ እርጎ በዋንጫ አምጥተው ሰጡኝ።

አባትሽ "ትምጣ በሏት፤ ከእንግዲህ አልከለክላትም" ብለዋል። ምዝገባው እስከ መስከረም 8 ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ኬሚስትሪ የሚያስተምርሽ ሌላ መምህር ስለሆነ የእኔን ፊት ለማየት አትገደጂም። ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመጪም አልፈርድብሽም። ቂምሽን ግን እኔ ላይ ያዢው እንጂ ትምህርቱ ላይ አትያዢው፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

ሙከራውን የሠራሁበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስሌቱ ያንቺው ስሌት ነው፤ ምልክቱም ያንቺው። ከላዩ በእርሳስ የጻፍኩት ቀን አለ፤ ሰኔ 12 ይላል፤ ውጤታችሁ ሮስተር ላይ ከመሥፈሩ በፊት። ላጠፋው ላጲስ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። ይህን ወረቀት ርዕሰ መምህሩ አላዩትም፤ አባትሽም አላዩትም። ለማን እንደምታሳዪው አንቺ ታውቂያለሽ።

እመቤታችን በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ከአንቺ በታች ሆኖ የሚጠይቅሽን ሰው የምትሰሚበት ጆሮ ትስጥሽ።

አስተማሪሽ