እትዬ አትበይኝ ያልሽኝ ቀን

አሰላ፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ውድ እህቴ እትዬ አሰፋሽ፣

«እትዬ አትበይኝ» ማለትሽን ረስቼ አይደለም። ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ የሚከፍት ሰው ካለም፣ እንደማይጠፋ ታውቂያለሽ፣ ከሁለታችን ታላቋ ማን እንደሆነች እሱም ይወቅልኝ።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጤናዬን በአንድ መስመር ጠየቅሽና የቀረውን ገጽ ሁሉ ስለ ፊቴ ሞላሽው። «ከሁለቱ መርፌ የትኛውን መረጥሽ? ለሙት ዓመቱ ስመጣ አምሮብሽ ማየት እፈልጋለሁ» ትያለሽ። መልሱን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ቅናቴን ላውጣው፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው አይወጣልኝም።

እቀናብሻለሁ፣ እትዬ። ድሮም እቀናብሽ ነበር። ለእርሻው ፕሮጀክት የመጣው ስዊድናዊ አንቺን አግብቶ ወደ አገሩ ሲወስድሽ ቀንቻለሁ። እማዬ ከስቶክሆልም የላክሽላትን ሹራብ በጠራራ ፀሐይ ለብሳ ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞር፣ በኔ ደሞዝ የተገዛው ጋቢ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ሲቀመጥ ቀንቻለሁ። ያ ግን የሚቻል ቅናት ነበር። እኔም አንድ ነገር ነበረኛ! የእማዬ «ትንሿ» እኔ ነበርኩ። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ሁለት ዓመት ሳገላብጣት እንኳን፣ ነርስ ሆኜ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ «ትንሿ፣ እህል ቀመስሽ?» ነበር የምትለኝ። አንቺ ሌላው ሁሉ ነበረሽ፤ ታናሽነት ግን የኔ ነበር።

እማዬ ጥቅምት ላይ ስታርፍ አንቺ እዚያ ቪዛ ትጠብቂ ነበር። ከልጆቿ ቀብሯ ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደረቴን ደቃሁ፣ ፊቴን ነጨሁ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ «ነርስ ሆነሽ በጥፍርሽ!» እያለ በቁጣ ቁስሉን ጠረገልኝ። ምን ላድርግ? ያንቺንም ድርሻ ነው የነጨሁት። ጠባሳው እስከ ዛሬ ከጉንጬ አልለቀቀም።

ለአርባዋ ደረስሽ። ከአዲስ አበባ በኮንትራት መኪና መጥተሽ ስትወርጂ መጀመሪያ አላወቅኩሽም። ሳውቅሽ «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። አንገቴን አቅፈሽ እያለቀስሽ በጆሮዬ ምን አልሽኝ? «እባክሽ በሰው ፊት እትዬ አትበይኝ፤ በስሜ ጥሪኝ።» በለቅሶ መሐል! ሐዘኑ ያናገረሽ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ፊትሽን ሳይ ገባኝ። አርባ አራት ዓመትሽን የት እንደ ደበቅሽው እንጃ። ግንባርሽ ላይ አንድ መስመር የለም፤ ጉንጭሽ የአራስ ጉንጭ ሆኗል። እኔ በስድስት ዓመት የማንስሽ አጠገብሽ ቆሜ አክስትሽ መሰልኩ።

አቶ ወልደጻድቅ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከሳጉሬ ወደዚህ ከመጡ ብዙም ስላልቆዩ አያውቁሽም። ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችንንም አየት አደረጉና የኔን ክንድ ያዙ። «ታላቋ ወደዚህ፣ ከካህናቱ አጠገብ። አንቺ ትንሿ፣ ከእህትሽ ቀጥሎ ተቀመጪ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ወደኔ እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ፤ እንግዲህ እናት አንቺ ነሽ፣ ታናሽሽን አደራ» ሲለኝ ዋለ። ታናሼን! የሁሩታው አቶ ሀሰኖ፣ ለእማዬ እህል ይሸጡላት የነበሩት፣ «አይዞሽ ሀንጋፋ» አሉኝ። በአማርኛ አልበቃ ብሎ በኦሮምኛም የበኩር ልጅ ተደረግኩ።

አፌን ከፍቼ ላርማቸው ነበር። ካንቺ ሲወጣ ይሻላል ብዬ ጠበቅኩሽ። አንቺ ግን አንገትሽን ደፍተሽ፣ ነጠላሽን ሰብሰብ አድርገሽ፣ ከኔ በታች ተቀመጥሽ። ከንፈርሽ ጥግ ላይ ፈገግታ ነበር። አይቼዋለሁ፣ አትካጂኝ።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ ባሌ ግዛቸው፣ ካንቺ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረው፣ ዛሬ ራሱ የሸበተው ግዛቸው፣ «ተሻለች፣ ይቺን ትንሿን እህትሽን ለማን እንዳራት?» ብሎ ቀለደ። አንቺ ከልብሽ ሳቅሽ። እኔ ወጡን ላማስል ብዬ ወጣሁ። እሳቱ ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ልትሄጂ ስትይ ደግሞ አዘንሽልኝ። አገጬን ይዘሽ ወደ መስኮቱ አዞርሽኝና በግ እንደሚገዛ ሰው ገመገምሽኝ። መጨማደድ እንዲጠፋ የሴቶችን ፊት የሚወጋው ሐኪም ዘንድ ስለምትሠሪ መድኃኒቱ ላንቺ ብርቅ አይደለም። አንደኛው በፔርሙስ፣ በበረዶ ይዘሽው የመጣሽው ከጥጃ ቆዳ የሚሠራው ኮላጅን ነው፤ አንቺ የተወጋሽው። ጥቂት ወራት ይቆይና ሰውነት ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ይደገማል። ሁለተኛው ትንሹ ጠርሙስ፣ ሲሊኮኑ ነው። «ይሄ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ብቻ ይጓጉላል፣ ቦታውን ለቆ ይሄዳል» አልሽኝ። «መርፌ መውጋት እንደሆነ ሥራሽ ነው፤ የወደድሽውን ምረጪ።» እህት ለእህቷ የምታወርሰው ሌላ ነገር ጠፋ?

ቢሆንም ተቀበልኩሽ፤ ቅናት ኩራት የለውም። ኮላጅኑን ከሕፃናቱ ክትባት ጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ ደበቅኩት። እንዳልሽው ፊት ከመወጋቱ በፊት ክንድ ላይ ጥቂት ሞክሮ አንድ ወር መጠበቅ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ክንዴን ወጋሁ። ጾሙ ከገባ በኋላ ሽሮዬን ስበላ ያ የጥጃ ቆዳ ትዝ አለኝና ጭንቅ ያዘኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ የከብት ነገር በመርፌ ቢገባ ጾም ያፈርሳል?»

«ለሕክምና ከሆነ ምን ገዶሽ፣ ልጄ። ሕመምሽ ምንድን ነው?»

አቀረቀርኩ። «እህቴ ናት» ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

ክንዴ አልተቀበለውም። ጾሙ ሳይጋመስ ቀላ፣ አበጠ፣ ሥራ ላይ ሳይቀር በእጅጌዬ ሥር ያሳክከኝ ጀመር። ያንቺ ሥጋ የወደደውን የኔ ሥጋ ጠላው፤ ከአንድ ማሕፀን ወጥተን! በዚህም ቀናሁብሽ። የሚጠፋው እንዲህ ሆኖ ቀረ። የቀረኝ የማይወጣው ነው።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግዛቸው ልጆቹን ይዞ በወጣበት ቀን፣ ሲሊኮኑን ወደ ሲሪንጅ ሳብኩት። መስታወቱ ፊት ቆሜ ጉንጬን በአልኮል ጠረግኩ። የምወጋው ቦታ ጠባሳው ላይ ነበር፣ ለእማዬ የነጨሁት ላይ። ይህ እጅ ስንቱን የሚንፈራገጥ ሕፃን ወግቷል፤ ያን ዕለት ግን መርፌውን ከጉንጬ አራቀ። ፈርቼ ብቻ አይደለም። እኔ የሠላሳ ሆኜ ብቀርብ አንቺ የሃያ ሆነሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። ሁለታችን ታናሽነትን ወዲህና ወዲያ ስንጎትተው እማዬ ታላቅ ልጅ ሊጠፋባት ነው። መልሼ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩት።

እንግዲህ ምርጫዬን ስሚ። ጥቅምት ላይ ለሙት ዓመቷ ትመጫለሽ። እዚያ ጥቁር ልበሺ አትልበሺ አላውቅም፤ እዚህ ግን ለብሰሽ ትቀርቢያለሽ። ጥቁራችንን የሚያስወልቁን አቶ ወልደጻድቅ ናቸው፣ የሚጀመረውም ከታላቋ ነው። «ታላቋ ወደዚህ» ሲሉ እኔ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አልልም። ያን ጊዜ አንቺ ተነሺ። አገር በሞላበት «ታላቋ እኔ ነኝ» በይ። ፊትሽን እንዳማረብሽ ይዘሽ ተነሺ፤ ግዛቸውም ይይሽ፣ ምቀኛም ይይሽ። እንደ ቅናቴማ ቢሆን ይህንንም ባልፈቀድኩልሽ። ብቻ እማዬ የሰጠችኝን ታናሽነት መልሺልኝ። ጠርሙሱን በማግስቱ ጓሮ ወስጄ እሰብረዋለሁ።

ዝም ካልሽ ግን እወጋዋለሁ። እህቴ ናትና አታደርገውም ብለሽ አትቀልጂ፤ እልኼን ታውቂዋለሽ። ከፈለገ ይጓጉል፣ ከፈለገ ቦታውን ለቆ ይሂድ። ጠርሙሱ በእማዬ ሳጥን ውስጥ፣ ካልለበሰችው ጋቢ ሥር ተቀምጦ አንቺን ይጠብቃል።

ልጆቹ ስምሽን እየጠሩ መቼ ትመጣለች ይሉኛል። «እትዬ አሰፋሽ በሉ፣ ታላቄ ናት» እያልኩ አስተምሬያቸዋለሁ።

በደህና ያምጣሽ፣ እትዬ።

ታናሽሽ
ተሻለች