የረሳሁት ሳህን

ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔም አባባም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ አሁንም የነርቭ ሴሎችን በሳህን አሳድጋለሁ። በየሦስት ቀኑ ሁለት ጠብታ የእድገት ፕሮቲን እሰጣቸዋለሁ። ሴሎቹ እርስ በርስ «ቀስ በል» የሚባባሉባቸውን መገናኛዎች የሚያጠነክረው እሱ ነው። ባለፈው ሰኞ ጎረቤታችን «አባትሽ መሀል መንገድ መኪና አስቁሞ ሾፌሩን እየመከረ ነው» ብላ ስትደውል ሥራውን ጥዬ ሮጥኩ፤ አንዱን ሳህን ረሳሁት። ሐሙስ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ሲነቁ እንዲያበሩ ቀለም የጨመርንባቸው ሴሎች ሁሉ ባንዴ ይብለጨለጫሉ። እኔ በርትተው መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ግን «ጉልበት አግኝተው አይደለም፤ ልጓም አጥተው ነው» አለኝ።

«ይሄ ፕሮቲን ለሽማግሌ ሰው ቢሰጥስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። «ገና ከሳህን አልወጣንም» አለ ቀስ ብሎ።

አባባ ሰዓት ሲጠግን ውሎ ሦስት ቃል የማይተነፍስ ሰው እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ጨዋታ አዋቂ ሆኗል፤ በረንዳ ላይ ይዘፍናል። የምድጃውን ማብሪያ ነቅዬ በቦርሳዬ ይዤው እወጣለሁ፤ እንዲያው ለጥንቃቄ ነው።

በስልክ «እወድሃለሁ» ብሎህ በደስታ እንዳለቀስክ ጽፈህልኛል። በአርባ ዓመትህም ቢሆን ሰማኸው፤ ደስ ይበልህ። እኔንም በቀን አሥር ጊዜ ይለኛል።

ትናንት ለፖስተኛውም አለው።

የዓመት ፈቃድህን ወደዚህ ወር ብታመጣው ምን ይመስልሃል? አባባ ሰላም ብሎሃል፤ በመስኮት ጮኾ።

አክባሪህ እህትህ