ያዘመመው ዛፍና አባባ

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ነህ? እዚያ እንጨት የምትቆርጡበት ጫካ ስልክ ስለማይሠራ መጻፌ ነው። ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልህ አባትህ፣ አባባ፣ አላስቻሉኝም።

የጓሮው ባሕር ዛፍ ከዝናቡ ወዲህ ወደ ባዶው ሜዳ አዝምሟል። አባባ ራሴ ካልቆረጥኩት አሉ።

«ሜዳ ላይ ቢወድቅ ማንን ይጎዳል?»

«ቆራጩን» አልኳቸው።

«ዛፉ ራሱ መውደቅ ፈልጓል፤ እኔ ትንሽ ላግዘው ነው።»

አንተ ያስተማርከኝን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ባዘመመበት በኩል እንደተከፈተ አፍ መቅደድ። ከኋላ ዝም ብሎ መገዝገዝ ግን የለም፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጎትተው ግንዱ ሽቅብ ተሰንጥቆ የቆራጩን ደረት ይመታል። ይልቅ መጋዙን መሃሉ ላይ ሰክቶ፣ ከፊት እንደ በር ማጠፊያ፣ ከኋላም መያዣ የሚሆን እንጨት አስቀርቶ መቁረጥ። የኋላዋ መጨረሻ ትቆረጣለች፤ እሱም ከጎን ቆሞ፣ መሸሻን አስቀድሞ አይቶ። እሳቸው ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ።

«እኔ ዛፍ ስጥል አባትሽም አልተወለደም!»

እማዬን ጠየቅኳት። የጣሉት ለአጥር የሚሆን፣ ክንድ የማያህል ነው አለችኝ።

ማክሰኞ የሞተር መጋዝ ተውሰው መጡ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ካንዴላ ነቅዬ ደበቅኩት። ግማሽ ቀን ገመዱን ሲጎትቱ ውለው «ሰነፍ» ብለው ሰደቡት፤ መጋዙን። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት መጥረቢያ አወጡ። መጥረቢያ ደግሞ ካንዴላ የለውም፣ አባዬ።

ያኔ ከአፌ አመለጠኝ። ከተጣላችሁ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስምህን እሳቸው ፊት ጠርቼ አላውቅም፤ የዛፉንም ነገር ትምህርት ቤት የተማርኩት አስመስዬ ነበር። «አባዬ ነው እንዲህ ያለው» አልኳቸው።

መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?» አሉ።



ከዚያ ደብዳቤ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ሁለት ሳምንት አልኳቸው።

«ይሄ መጥረቢያም ለመሳል ሁለት ሳምንት ይፈልጋል» አሉና በር ላይ ቁጭ አሉ። ስለቱ ከአሁኑ ፀጉር ይላጫል።

ስለዚህ በዚህኛው መልስህ ለእኔ አትጻፍልኝ፤ አልቀየምም። «ይድረስ ለአባቴ» ብለህ ጀምር። የቀረው ሁሉ ስለ ዛፍ ቢሆንም ግድ የለም።

ፈጣሪ ከላይ ከሚወርደው፣ ከታች ከሚሰነጠቀው ይጠብቅህ።

ምላሷ የረዘመባችሁ ልጅህ