መጥረጊያው ከእጄ የተወሰደበት ሳምንት

ይድረስ ለወለዱኝና ላሳደጉኝ ውድ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በሐሳቤ እጅዎን ይዤ ግንባሬ ላይ እያደረግሁ ምርቃትዎን እለምናለሁ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ተሻለዎት ወይ? አባቴ ሲምፕሊስዮ እንደምን አሉ? ጀልባቸውን በጊዜ ወደ ላይ ጎትተው አስረዋት ነበር? ታላቅ ወንድሜ ክሪሳንቶ እንደምን አለ? ባለቤቱ ፌሊሲማስ? ገና ስሙን ያልሰማሁት አዲሱ ሕፃን ጡት በደንብ ይጠባል? ሴት አያቴ ጊልየርማ ዓይናቸው እንዴት ሆነ፤ ዛሬም ዶሮዎቹን በስም እየጠሩ ይቆጣሉ? አጎቴ ኤሌውቴርዮን ያ ሳል ለቀቃቸው? የክርስትና እናቴ ባሲልያስ እንደምን ናቸው? ለሁሉም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ግን በጅምላ አይሁን፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ይጥሩልኝ፣ እያንዳንዳቸው አቤት እስኪሉ ድረስ።

እኔና እኅቴ ሊዮኒላ በዚህ በማኒላ በአካል ደኅና ነን።

ከአውሎ ነፋሱ በፊት የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ጽፌ አንድም መልስ አላገኘሁም። የፖስታው መንገድ ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ መረብ ልጎትት ስወጣ እርስዎ «ደብዳቤ መጻፍ ከቻልክ የትም ብትሄድ አትጠፋብኝም» ብለውኝ ነበር። እነሆ እየጻፍኩ ነው። የጠፋሁት እኔ አይመስለኝም።

የእኅቴ የፍጻሜ ውድድር የፊታችን ቅዳሜ ነው። በአራት መቶ ሜትር መሰናክል፣ በዙሪያችን ካሉት አገሮች ሁሉ ከመጡት ሯጮች ጋር ተሰልፋ ባለፈው ጨዋታ ያገኘችውን ወርቅ ታስከብራለች። ምስሏ በከተማው አውቶቡሶች ጎን ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሷ ብቻ የቤታችንን በር ያህላል። ባለፈው ሰሞን አንድ የጋዜጣ ሰው መጥቶ የሕይወት ታሪኳን ጠየቀን። እርሷ ስለ ራሷ መናገር እንደማትወድ ያውቃሉና የነገርኩት እኔ ነኝ። ዓሣው ሳይሞቅ ገበያ እንዲደርስ በባሕሩ ዳር ስትሮጥ፣ አሸዋ ላይ የተጎተቱት ጀልባዎች ከጎናቸው የዘረጓቸውን የቀርከሃ ክንፎች እየዘለለች ስታልፍ፣ እርስዎም መቅዘፊያ ይዘው «ዓሣዬን ብትደፊ አንቺን ነው የምሸጠው!» እያሉ ሲጮኹ እንዳደገች ነገርኩት። አስተማሪዋ አይተው ለአውራጃው ውድድር እንደ ወሰዷት፣ የተዋሰችው ጫማ ቢወልቅባት ሳትቆም እንዳሸነፈች፣ ከዚያም ለክፍለ ሀገሩ፣ ኋላም ለብሔራዊ ቡድኑ እንደ ተመረጠች ነገርኩት። ሐኪሞች «ከእንግዲህ መሮጥ ይበቃሻል» ያሏት ጊዜ ቁርጭምጭሚቷን ክረምቱን ሙሉ በኮኮናት ዘይት እያሹ ያስነሷት እርስዎ መሆንዎንም አልደበቅሁም። የመጀመሪያው ወርቅ የመጣ ቀን፣ ከንቲባው በማርሽ ባንድ ሲቀበሏት፣ እርስዎ ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቀው ለእመቤታችን ምስል አጠለቁላትና «የሮጠችው እሷ ናት፤ አንቺማ እግር ብቻ ነሽ» አሏት ብዬ ስነግረው ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ከዚያ «እናታችሁስ አሁን» ብሎ ሲጀምር የቡድኑ መሪ ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ ወሰደው። ተመልሶ ሲመጣ ብዕሩን ኪሱ ከትቶት ነበር። ሲሰናበተኝ የጨበጠውን እጄን ቶሎ አልለቀቀልኝም።

እናቴ፣ በዚህ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ ቸር ሆነውብኛል፤ ይህ ያስፈራኛል።

እንደሚያውቁት የምተዳደረው የአትሌቶቹን ማደሪያ በመጥረግና መሰናክሎቹን ወደ ሜዳ በማውጣት ነው። ፓትሮሲንያ የምትባል አሎሎ ወርዋሪ አለች፤ ከመጣሁ ጀምሮ «የሻምፒዮኗ ጅራት! ዛሬም እኅትህ ቀድማህ ቁርሱን ጨረሰች?» ሳትለኝ ውላ አታውቅም። እኔም «እሷስ ታስተርፋለች፤ አንቺ ከቀደምሽ ግን ሳህኑም አይተርፍም» እያልኩ እመልስላት ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች። የሩዝ ቂጣዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ሰጠችኝ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ብላት «ዝም ብለህ ብላ» ብላኝ ፊቷን አዞረች።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ እማማ ኮንሶርስያ የደሴታችን ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውለው ሬዲዮአቸው በድንገት ባትሪ አለቀበት ተባለ። ባትሪ ገዝቼ ባመጣላቸው «ሬዲዮው ራሱ ተበላሽቷል» አሉኝ። ደረቅ ዓሣ የሚጠቀለልበት ጋዜጣም ቀርቶ በሙዝ ቅጠል ሆኗል። የዳክዬ እንቁላል የሚሸጠው ሰውዬ በአጥሩ በኩል «አንተ የዚያ ደሴት ልጅ አይደለህም እንዴ? ባሕር ዳሩ ላይ ቤት የሚባል አልቀረም ይላሉ እኮ» ሲለኝ፣ እማማ ማማሰያ ይዘው ወጥተው «አንተ ቀባጣሪ! እንቁላልህን ሽጥ፣ ወሬህን ለራስህ ያዘው!» ብለው አባረሩት።

ከዚያ በኋላ የቡድኑን መሪ «አገሬ ደርሼ ልምጣ» ብዬ በትሕትና ብለምነው፣ መርከብ ስለሌለ ከቅዳሜ በኋላ ይታያል አለኝ። እኔም ወደቡ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አንድ ጭነት አውራጅ «መርከብማ አለ፤ ሩዝ፣ ቆርቆሮና ሳንቃ ጭኖ ይሄዳል» አለኝ። ሳንቃው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ትናንት ጠዋት ደግሞ መተላለፊያውን ልጠርግ መጥረጊያዬን ሳነሳ እማማ ኮንሶርስያ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ አስቀምጠው» አሉኝ።

«ምነው እማማ? ቤቱ እኮ ቆሽሿል» አልኳቸው።

«ይቆሽሽ! እኔ እጠርገዋለሁ። አንተ አትጠርግም» አሉና ነጥቀው ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ሸሸጉት።

እናቴ፣ ወንድ አያቴ ያረፉ ጊዜ፣ አስከሬናቸው ገና ከቤት ሳይወጣ ሳላውቅ መጥረጊያ ባነሳ እጄን የመቱኝ እርስዎ ነዎት። «ሐዘንተኛ ቤት አይጠርግም፤ የቀረውን ሰው ጠርጎ ያስወጣል» አሉኝ። እማማ ኮንሶርስያም ይህን የተማሩት ከዚያው ከእኛው ደሴት ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ፣ ተሳስተሃል እንዲሉኝ ነው።

በመጀመሪያ፣ ነገሩን የሚሸሽጉት እኅቴ ቅዳሜ እንዳትደናቀፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ እኔም ጥርጣሬዬን ከእርሷ ደብቄ ፊቷ ላይ እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ። ነገር ግን ሰኞ ዕለት የቡድኑ መሪ ለብቻዋ አስጠርቷት ብዙ ቆይታ ወጣች። ምን አለሽ ብላት፣ ስለ አዲስ ጫማ ነው አለችኝ። እስከ ዛሬ የምትሮጠው በአሮጌው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፀጉሯን አላበጠረችም። ዘይት ሳትቀባና ሳታበጥር ከክፍሏ የማትወጣው ልጅዎ፣ ተኝታ እንደ ተነሣች በሻሽ ጠቅልላው ወደ ሜዳ ትወርዳለች። እርስዎም ወንድ አያቴ እስኪቀበሩ ድረስ እንዲሁ ነበሩ። ማበጠሪያዋን ባቀብላት «ከውድድር በፊት አላበጥርም፤ ለገዴ ነው» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስትሮጥ እንዲህ ያለ ገድ አልነበራትም።

ልምምዷን ቢያዩ ያዝናሉ። አሰልጣኝ ኦርዶንዮ «ይበቃሻል፣ ልጄ፣ ለቅዳሜ አስተርፊ» እያላት አትሰማውም። ትናንት መሰናክሉ ጉልበቷን መትቷት ወደቀች። እየሮጥኩ ደረስኩላት። ደሟን እንኳ ሳታብስ ተነሥታ «መሰናክሉን አቁመው፤ እንደ ገና ነው» አለችኝ።

ማምሻውን ልብሴን በከረጢት ስከት ደረሰችብኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችኝም።

«አንተ ከሄድክ የመጨረሻው መሰናክል ጋ ማን ቆሞ ይጮህልኛል?» አለችኝ። «አገር ምድሩ ሲጮህ እኔ የምሰማው ያንተን ድምፅ ብቻ ነው።»

«እነእማዬስ?» አልኳት።

«ቅዳሜ ይለፍ። እስከዚያ ማንንም ምንም አትጠይቅ። ከወደድከኝ እኔንም አትጠይቀኝ» አለችና ከረጢቱን በገዛ እጇ ፈታችው።

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ። እርሷ ፊት ምንም አላውቅም፤ እርሷም እኔ ፊት ምንም አታውቅም። እንዲህ ሆነን አንድ ማዕድ እንቀርባለን።

ዛሬ እንደ ልማዷ ከደብዳቤዬ ግርጌ የራሷን ቃል እንድትጨምርልዎ ወረቀቱን ሰጠኋት። ብዕሩን ይዛ ቆየች። ከዚያ መልሳ እጄ ላይ አኖረችውና «ከቅዳሜ በኋላ ሁለታችንም እንሄድላቸው የለ? አሁን ምን ያስጽፈኛል? አንተ ጻፍ። ረጅም አድርገህ ጻፍ» አለችኝ። ራሴን ዳብሳኝ ወጣች።

ባሕሩ ከደጃፍዎ ይራቅ። እመቤታችን በሌሊትም በቀንም አትለይዎት። የሚቀመስ እህል፣ የሚያስጠጋ ጣሪያ አያሳጣዎት።

እናቴ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎ፣ ባመጣው መርከብ ላይ መልስ ይላኩልኝ። ለእርስዎ ባይመችዎ አባቴ ይጻፉ፤ አባቴ ባይችሉ ክሪሳንቶ ይጻፍ፤ እርሱም ከሌለ ፌሊሲማ ትጻፍ፤ እርሷም ከሌለች እዚያ ያለ ማንም ሰው ይጻፍልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል። በቡድኑ መሪ በኩል ሳይሆን በእኔ ስም ይሁን። መልስዎን እጠብቃለሁ፤ እባክዎ ይመልሱልኝ።

ታናሹ ልጅዎ