ያልቀየርከው የፍሬን ሸራ

የምወድህ ሙሉነህ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ተናድጄብህ ነው። አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

በለቅሶህ ጊዜ ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለኝ። መምሬም እጄን ይዘው «ልጄ፣ የፈጣሪን ሥራ አትመርምሪ» አሉኝ። እሺ ብዬ አለቀስኩ። ከብት ልትከትብ ከወገዳ ወጥተህ፣ ሞተርህ ቁልቁለቱ ላይ ይዛህ እንደወደቀች እንጂ ሌላ የማውቀው አልነበረም።

ከአርባህ በኋላ ወንድምህ «ሞተሯን ልሽጣት» አለ። እምቢ አልኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ መንዳቱን ደግሞ እህሉ ከተነሳ በኋላ አውድማው ላይ አንተው አስተምረኸኛል። የተጣመመ መሪዋን አስቃናሁ። ብረግጣት ብረግጣት ግን አልነሳ አለች። «መጀመሪያ ቤንዚን፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ አየር እይ» ትለኝ አልነበር? ቤንዚኑ ይወርዳል። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ብረቱ ላይ አስጠግቼ ስረግጥ ብልጭ አለ። የአየር ማጣሪያውን ስከፍተው የበጋው አቧራ ተጋግሮበታል። አጥቤ፣ አድርቄ መለስኩት። ተነሳች! ከደስታዬ የተነሳ «ና እይ!» ልልህ ወደ ቤት ዞርኩ።

ከዚያ ፍሬኑን ልይ ብዬ የኋላውን ጎማ አወረድኩ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት በብረት ሆኗል። የፊቱ ፍሬን ብቻውን ያን ቁልቁለት አይችለውም። ከመቀመጫው ሥር፣ የመፍቻ ቦርሳህ ውስጥ ግን አዲስ ሸራ አገኘሁ፤ ከንፋስ መውጫ የገዛኸው፣ ከነላስቲኩ።

ሙሉነህ፣ ታውቅ ነበር!

ያ የመጨረሻው እሑድ ትዝ አለኝ። «ዛሬ ሞተሬን ልፈታት ነው» ብለህ እጅጌህን ሰብስበህ ነበር። የጤና ጣቢያው ሰውዬ ሞተሩን እየገፋ መጣ፤ የእሱን ፍሪሲዮን ስትሠራ ዋልክ። «የራስህስ?» ስልህ «እሷ አትከዳኝም፣ ለሳምንት እደርስባታለሁ» አልከኝ። ሳምንቱን አላየኸውም። ለሰው ሁሉ ጊዜ ነበረህ፤ ለእኔና ለልጅህ ስትል ግማሽ ቀን አጣህ? ልጃችን ስለ አንተ ስትጠይቀኝ ቀኑ ደርሶ ነው ልበላት? አልላትም።

ሸራውን እኔ ገጠምኩት፤ እያለቀስኩ፣ እየሰደብኩህ።

ባለፈው አርብ በአንተ ቦታ የተመደበው ባለሙያ በሞተር በደጃችን ሊያልፍ መጣ። ፍሬኑ ሲፋጭ ከሩቅ ይሰማል። መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ቸኩያለሁ እትዬ፣ ስመለስ አሠራዋለሁ» አለኝ።

«ባሌም እንዲህ ብሎኝ ነበር» አልኩና ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

ጮኸብኝ፤ ለቢሮ እከስሻለሁ አለ። ክሰሰኝ አልኩት። በመጨረሻ እየተነጫነጨ እሱም ከቦርሳው አዲስ ሸራ አውጥቶ ጎማውን ማውረድ ጀመረ። መፍቻ እያቀበልኩት አብሬው ቁጭ አልኩ። ገጥሞ ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲወርድ አጥሩ ሥር ቆሜ የሞተሩ ድምፅ ከወንዙ ማዶ እስኪሰማ ጠበቅሁ።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ስምህን አስጠራለሁ፣ ድግስህንም አልነፍግህም። ሰው ደግ ነበር ይልሃል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ደግነትህን ከነቸልተኝነትህ ነው የማስታውሰው፤ ለልጅህም ሁለቱንም እነግራታለሁ። እስክታረቅህ ድረስ አልረሳህም፤ ከታረቅሁህም በኋላ።

ሚስትህ፣
እናንዬ