በሽማግሌ እጅ የተቀበልኩት

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እማ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ጣሪያው ከክረምቱ በፊት ተጠገነ? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም ይላል።

የምደውልልሽ እትዬ ፈጡማ ቤት ስለሆነ ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ሙሔ የእሳቸው ልጅ ነውና። በመሠረተ ትምህርት በለየሽው ፊደል ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለማንም አታስነብቢ።

ከሙሔ ጋር ከተፋታን በኋላ ለልጆቹ የመንግሥት አበል ስጠይቅ፣ መጀመሪያ የአባትየውን ድርሻ ጠይቂ፣ አለዚያ አበሉ ይቀንሳል አሉኝ። ፈረምኩ። ድርሻውን የሚያስከፍል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አለ። ገቢውን ከግብር መዝገብ አይቶ ይተምናል፤ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆርጣል። ሙሔን ይህ አንገበገበውና ክሬጊበርን የሚባል ሰፈር ያለውን የመጋዘን ሥራ ትቶ ታክሲ ያዘ። የሚቆረጥ ደመወዝ ሲጠፋ ዕዳው ተቆለለ።

ያኔ የመስጊዳችን ሼህ ሙእሚን ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። የጓዳችንን ነገር ፈረንጅ ፊት አናዝረክርከው፣ በእጁ ይስጥሽ፣ እዚሁ ይቅር አሉ። እሺ አልኩ። ስምንት ወር በሼሁ እጅ ሰጠኝ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። በሽማግሌ ፊት ለተሰጠ ነገር ደረሰኝ ማን ይጠይቃል?

መሥሪያ ቤቱ ደውሎ፣ በእጁ የሰጠሽ ነገር አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩ። ቃሌን ጠብቄ ነው እላለሁ። ተቀይሜውም ነበር። የትኛው እንዳናገረኝ አላውቅም።

በእጁ የሰጠኝ ከዕዳው አልተቀነሰለትም። ለካ ዕዳ ያለበትን ሰው ከአገር እንዳይወጣ ያግዱታል። ሙሔ እናቱ አልጋ መያዛቸውን ሲሰማ ትኬት ቆረጠ። ባለፈው ማክሰኞ ከአውሮፕላን ማረፊያው መለሱት። ለእናቱ የገዛውን ሹራብ የቤቴ በር ላይ አንጠልጥሎ፣ አንቺ ልበሺው ብሎኝ ሄደ። ሰልሳቢል፣ ባባ ለምን ተመለሰ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ተቀብያለሁ፣ ዋሽቼ ነው አልኩ። ሴትዮዋ በትሕትና፣ ሁለታችሁም በጽሑፍ አረጋግጡ፣ ከዚያ ይታያል፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል አለችኝ። እኔ ጻፍኩ። ሙሔ ስልኬን አያነሳም። ሼህ ሙእሚንን፣ እርስዎ ሙሔን ያናግሩልኝ ብላቸው፣ ነገሩ ፈረንጅ ጋ ደርሷል፣ እኛ ምን እናድርግ አሉኝ።

እትዬ ፈጡማ ሳምንታት አላቸው ወይ፣ እማ?

ሹራቡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ ደሴ ለሚመጣ አዲሱ ለሚባል ልጅ ሰጥቼዋለሁ። አልብሻቸው። ልጅዎ ላከልዎ በይ። ለምን ራሱ አልመጣም ካሉሽ የእኔን ስም ጥሪ።

ለአባባ፣ ለእህቴ ለሀሊማና ለልጆቿ ሰላም በይልኝ። ሙንታሲርና ሰልሳቢል እጅሽን ይስማሉ። ለእትዬ ፈጡማም ሰላምታ ጽፌ ነበር። ከታች የተሰረዘው እሱ ነው።

ልጅሽ ነኢማ
አስኮት ቬል፣ ሜልቦርን
ሰኔ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.